ወደብ ሦስት ሺህ

ሽምብጥ ውስጥ አንዲት ክፍል፣ ቆርቆሮዋ ያልበረደ፤
መስኮቷን ብከፍተው ትንኙ እየነጎደ፤
ብዘጋው ላፕቶፔ ወፍጮ ቤት ይመስላል፣
የሆዱ ማራገቢያ ያጓራል፣ ይግላል።

ከሌሊቱ ስድስት ላይ ጥቅል ገዛሁ፣ ጥቅል ላወርድበት፤
ርካሹን፣ የሌሊቱን፣ ሊነጋ ሲል የሚሞት።
አንዱን ጥቅል ብጠራ ሦስቱን አስከትሎ፣
እያንዳንዱም ደግሞ «ያጎቴ ልጅ» ብሎ፣
ስምንት መቶ እንግዳ በሬ ላይ ተኮልኩሎ፤
የማን ሠርግ እንደሆነ ማን ጠይቆ፣ ማን አስተውሎ!

በመቶኛ ይቆጥራል። ሰማንያ። ሰማንያ ሁለት።
ሰማንያ ሁለት ላይ ቆመ። ጠበቅሁለት።

ሥራው የጀልበኞች ማኅበር ድረ ገጽ ነው፤
ዘጌ ስንት ሰዓት፣ ለደቅ ማን ነው የሚነሣው፣
መንገደኛ ፀሐይ ሳይመታው ቤቱ ሆኖ እንዲያየው።
ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ቀብዱም ተበልቷል፣
ለኪራይ፣ ለቻርጀር። ቀሪው «ሲያልቅ» ተብሏል።

ቀዩ ጽሑፍ መጣ፤ ስክሪኑን አለበሰው፤
እንደ እምቦጭ ነው እሱ፣ ከዚህ ሲነቅሉት ከዚያ የሚደርሰው።
ለይበልጣል ላክሁለት። «በኔ ላይ ይሠራል፤
ያንቺ ቨርዥን ከኔ በነጥብ አምስት ያንሳል።»
ስም አውጥተውለታል፤ ምን ጊዜም ይበልጣል።

የመጨረሻዋን መስመር አነበብሁ፦ «ወደብ ሦስት ሺህ ተይዟል» ትላለች ባጭሩ።
ማን ያዘው? እዚህ ቤት እኔ ነኝ፣ ትንኝና በሩ።
ፈለግሁት። ለካ እኔው! የማክሰኞ ሥራዬ፣
ሳልፈታው የተውሁት፣ ታስሮ የሰነበተ ታንኳዬ።
«ግደል» ነው ትእዛዙ። ጻፍሁና ገደልሁት፤
እናቴ ብታይ ኖሮ… ደግነቱ በሌሊት።

ሊሠራ ሲል መብራት ሄደ።
ሰፈሩ ባንድ አፍ «ውይ!» አለ፤ ውሻ ሁሉ ተናደደ።
ኔትወርኩም ተከተለው። ጥቅሌ ሳያልቅ ሞተ።
ሠላሳ አንድ በመቶ ባትሪ… ገጹ ግን ተከፈተ!
ያለ ገመድ፣ ያለ ሰማይ፣ ማንንም ደጅ ሳይጠና፣
አድራሻው «እዚሁ ቤት» ነዋ፣ የትም አይሄድምና።
የጀልባዎቹ ፎቶ፣ የሰዓቱ ሠንጠረዥ፣ ሰማያዊው አርማ፤
ለብቻዬ አጨበጨብሁ፣ በዚያ ሁሉ ጨለማ።

ጠዋት እንደ ሕፃን አቅፌው ወረድሁ ወደ ሐይቁ፤
ሞተር የሚያሞቁት ልጆች አዩኝና ሳቁ።
ሊቀመንበሩ ጋሽ እንየው መነጽራቸውን ፈልገው፣
ከኪስ ወደ ኮፊያ ሄደው፣ ግንባራቸው ላይ አግኝተው፣
ስማቸው ልማዳቸው ነው፦ «እስቲ» አሉ፣ «እንየው»።
አዩት። የጀልባቸውን ፎቶ በጣታቸው ነኩት፤
ቀረሶ የበለተ ጣት ነው፣ ስክሪኔን ቅርፊት አለበሱት።

«ጎርጎራ ያለው ልጄ አሁን ቢከፍት ያያል?»
«ገና ነው ጋሼ፤ ለጊዜው እዚሁ ያድራል።»
«ደቅ ያሉትስ?» «አያዩም።» «ማዶ ያሉት?» «አያዩም።»
«ታዲያ ይሄ ምኑ ተሠራ? ሰው ያላየው አለ አይባልም።»

መልስ ነበረኝ፤ ሌሊቱን ሳሰናዳው ያደርሁት፣
ከኋላቸው ስለተደፋው አዲስ ታንኳ፣
ደንገሉ ገና አረንጓዴ፣ ውሃ ስላልነካው…
አፌን ስከፍት ጮኹ፦

«ኧረ ዘጌ በዚህ ዋጋ? ማነው ይሄን የነገረሽ?
ያምና ታሪፍ እኮ ነው! ነዳጁን የምትሞዪው አንቺ ነሽ?»

ተቆጡ። ደስ አለኝ። ለሌለ ነገር ማን ይቆጣል?
እዚያው ጉልበቴ ላይ ከፈትሁ፤ ባትሪው ዘጠኝ ላይ ይንጠለጠላል።
ቁጥሩን ቀየርሁ። አስቀመጥሁ። አደስሁ። አዲሱ ዋጋ፣ ይኸው፤
ከሁለታችን በቀር በዓለም ማንም ያላየው።