የውሰት ምላስ

ቤርሳቤህ፣ ዳሌት ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፤
አሳንሰሩ ቆሟል፤ የበረሃ አቧራ ጋርዶታል ሰማይ።
ኖሬሊ መጣች፣ የዶን ኤሊሴዮ ልጅ፣
አራት ጠርሙስ አንጠልጥላ በሁለት እጅ።
«ለሰማንያ ዓመትህ» ብላ ደረደረች፣
ግንባሩን ስማ፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣት ሮጠች።

ቀረን እኔና እሱ፣
ሁለት ብርጭቆ፣ መዝጊያ የሚያንኳኳው ነፋሱ።
እኔ ክኒን እቆጥራለሁ፣ ካልሲ አጠልቃለሁ፣
በሰዓት ይከፈለኛል፣ በሰዓት እሠራለሁ።
ስሜ ትርሲት ነው፤ እሱ «ቲርሲታ» ይለኛል፣
ጅራት ቀጥሎበት። መጀመሪያ አናዶኝ ነበር፣ አሁን ይስማማኛል።

ሠላሳ ዓመት በጭነት መኪና ለስላሳ ያመላለሰ ሰው ነው፤
ከሊማ ወዲያ ያለውን ተራራ ሁሉ የሚያውቀው
በጠርሙስ መንቀጫቀጭ ነው።
ዐምና ታሞ ሲነሣ፣ አፍንጫው አብሮት አልተነሣ፤
ምላሱም እንደ ተኛ ቀረ፤ ማሩንም ሬቱንም ረሳ።

ቢጫውን ከፈተ፤ ኢንካ ኮላ። ቀመሰ። ዝም አለ።
«ውሃ ነው፤ መርፌ ያለበት ውሃ» ብሎ ብርጭቆውን አገለለ።
ከዚያ ወደ እኔ ገፋው፦ «አንቺ ጠጪልኝ።
ጠጥተሽ ንገሪኝ።»

ጠጣሁ።
መልኩ ጠጅ ነው፤ ብርሌ ውስጥ ቢቀመጥ ሰው ያሳስታል፤
አፍ ሲገባ ማስቲካ ነው፤ ይጣበቃል ሲሉት ይሸሻል።
ከጀርባው ግን አንድ ቅጠል... በዕብራይስጥ ፈለግሁት፤
«ሉዊዛ?» አልኩ። ነውም፣ አይደለምም። ተውኩት።
የእኔ ዕብራይስጥ ለኪራይ፣ ለጉልበት ሕመም ይበቃል፤
ለጣዕም ኪሱን ስፈትሽ ያረጀ ቲኬት ይወጣል።
«በራስሽ ቋንቋ» አለኝ። «አይገባህም» አልኩት።
«ምላስሽን ነው የተዋስኩት፤
ከነቋንቋው ስጪኝ።»

እሺ። «ጠጅ ሳር ነው፣ በስኳር የታሸ፤
ድግስ ሳይጀመር ልጅ የሰረቀው ብርዝ፣ እየሣቀ የሸሸ።»
ሁለተኛው ጓራና፣ የብራዚል፤ ቡናማ ሆኖ ወርቅ።
«እንጆሪ ፖምን አግብቶ ነው፤ ሽማግሌ ሳይላክ፣ በድብቅ።»
ሦስተኛው የቺሊ፣ ቀይ። ቀዩን ምን ልበለው?
«የሽሮፕ ወንድም፤ ጤነኛ ልጅ እያሳለ የሚለምነው።»
አራተኛው ፖሜሎ፣ የኡራጓይ። ፊቴ ተጨማደደ፤
«ጌሾ!» ብዬ ጮህኩ፤ «ጌሾ ነው፣ ከአምቦ ውሃ የተዋለደ!
እንደ አክስቴ እንደ ማንጠግቦሽ፤ ምርቃቷ ስድብ የሚመስል፣
ስትሄድ ግን ቤቱ የሚጎድል።»

ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «ጌ... ሾ» አለ፤ አላመጠው፤
ከግራ ጉንጩ ወደ ቀኝ አዟዟረው።
«ይሄ ይመራል።»
ከፊቴ አንብቦ ይሁን ከቃሉ፣ እንጃ። ደጋግሞ ግን ዋጠው።

«የትኛው አንደኛ?» አለኝ ቀጥሎ፣ እንደ ዳኛ።
መዋሸት ይቻል ነበር፤ ልደቱ ነው። «መራራው» አልኩ፣ እኔ ሞኛ!
«በሊማ ሰው ቤት! የኡራጓይን!» ጠረጴዛውን መታ፤
ቢጫውን እስካፉ ሞላልኝ፣ ቅጣቴን፣ እስኪያልቅ ቆመ በተርታ።

ማታ የሥራ ቅጹን ስሞላ፦ አጥባለች? አዎ። አብልታለች? አዎ።
ከታች አንድ ባዶ መስመር፣ «ሌላ» የሚል ነበረው።
«ጌሾ» ብዬ ጻፍኩ፣ በአማርኛ። ተቆጣጣሪዋ ታንብበው።

ደረጃውን ስወርድ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣
ግሳት መጣብኝ፦
አራት አገር፣ ባንድ ላይ።