የቅርብ ጎረቤት

ረምስ በምትባል፣ በራስ አል-ኸይማ የዓሣ መንደር፣
በረዶ ተሸክሜ እወርዳለሁ፣ ገና ሳይነጋ ምድር።
ጆንያው ከጀርባዬ እየቀለጠ፣ ወገቤን እያራሰኝ፣
ሦስት ዓመት ሞላኝ፣ ባሕሩ ስሜን ሳይጠይቀኝ።

ሽማግሌው ኸልፋን፣ የጀልባው ባለቤት፣
መረብ ይጠግናል፣ ጀርባውን ሰጥቶ ለቤት።
በጥርሱ ክር ነክሶ፣ በጣቱ ቀዳዳ እየቆጠረ፤
ስለ መርከቧ ጠየቅሁት፤ ወሬው በዚያ ተጀመረ።

መርከቧ ግራጫ ናት፤ አድማስ ላይ ቆማ አትንቀሳቀስም፤
ባንዲራዋ የሩቅ ነው፤ የዚህን ባሕር ዓሣ አትቀምስም።
ከማዶ ያለው ትልቁ አገር ግን ለዓይን አይታይም፤
በሬዲዮ ብቻ ይመጣል፣ ሲቆጣም ሲዘፍንም።

«ኸልፋን» አልኩት፣ «በአገሬ አንድ አባባል አለ፤
ከሩቅ ዘመድ ይልቅ የቅርብ ጎረቤት ተሻለ።
እሳት ቢነሳ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው፤
ታዲያ ይህን ውቅያኖስ አቋራጭ ዘበኛ ማን ጠራው?»

መርፌውን ሰካ። ሳቀ፤ የቀረው ጥርስ ሁለት፣ ሁለቱም ወርቅ።
«እንድሪስ፣ አባባሉን ያወጣው ሰው ጎረቤቱ እኩያው ነበር፤ እወቅ።
የእኔ ጎረቤት ሲያነጥስ ጣሪያዬ ይነቀላል፤
ሲስቅ ደጄን ይለካል፣ ሲቆጣ ቁልፌን ይቆጥራል።
ደግ ነው። ቴምር ይልክልኛል፤ በዓል ሲደርስ ይጠይቀኛል፤
ግን እንግዳ ባስተናገድሁ ቁጥር ‹ማን ነው?› ይለኛል።
‹አስፈራኸኝ› ይለኛል! እኔን፣ ባለ ሦስት መረቡን፣
እሱ፣ ተራራው የማይቆጠር፣ አሸዋ ያስመሰለ ሕዝቡን።

«አባቴ ዕንቁ ጠላቂ ነበር፤ ድንጋይ በእግሩ አስሮ የሚወርደው፤
ገመዱን ላይ ሆኖ የሚይዝለትን ሰው ራሱ ነበር የሚመርጠው።
ወንድሙን አልመረጠም፤ ወንድሙ ቸልተኛ ነበርና፤
ከሩቅ የመጣ አንድ ባሉች መረጠ፣ እጁ የጸና።
የመንደሩ ትልቅ ሰው ተቆጣ፤ ‹ልጄ እያለ ባዕድ?› አለ።
አባቴ ‹ሳንባው የኔ ነው› ብሎ፣ አፍንጫውን ቆንጥጦ ዘለለ።»

«ባሉቹስ? ገመዱን ለቀቀ እንዴ?»

«አንድ ቀን አንቀላፋ። አባቴ አንድ ጆሮውን ደንቁሮ ወጣ።
ግን ስህተቱ የራሱ ነበር፤ ሰው የጫነበት አይደለም ጣጣ።
ዘበኛው ጥሩ ነው አላልኩህም፤ ዘበኛም ይርበዋል፤
ሌሊት የጠበቀው ቤት ገብቶ፣ ቀን ወጥ ያማስላል።
ደጁ የኔ ከሆነ ግን፣ ማን ይቁምበት የምለው እኔ ነኝ፤
ይህችን ከተነጠቅሁ፣ ጌታ እንጂ ጎረቤት የለኝ።»

ዝም አልኩ። መርከቧን አየሁ። እሷም አንድ ቀን ታንቀላፋለች፤
ወይ ልጆቿ ይጠሯትና፣ ገመዱን ጥላ ትሄዳለች።
ያን ጊዜ ሬዲዮው ይስቃል።

ይህን ላነሳ ስል፣ ሌላ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤
ፓስፖርቴ ከኸልፋን ሣጥን፣ ከወደብ ደረሰኝ ሥር ከከረመ
ሦስት ዓመቱ። ሰውየው ደግ ነው። ቴምር ይሰጠኛል፤
በዓል ሲደርስ ይጠይቀኛል፤ ‹ማን ጋ ልትሄድ ነው?› ይለኛል።

«ኸልፋን» አልኩት፣ «የእኔስ ሳንባ የማን ነው?»

በተሰባበረ ዓረብኛ ነው ያልኩት፤ ሰምቶኝ ይሁን አላውቅም፤
መርፌውን አነሳ። ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ክሩ አይበቃም።
በረዶው ይንጠባጠባል። ዓሣው ይጠብቃል። ፀሐይ ወጣች፤
ያቺ ግራጫ መርከብ ከቆመችበት ዞር ያለች መሰለች።
ወደ እኛ ይሁን ወደ ቤቷ፣
ከዚህ ሆኖ አይለይም።