የዱንካን ግንድ

ዱንካን ነው ስሙ ቢሉን፣ ድንኳን ብለን ጠራነው፤
ቀሚሱን ነፋስ ሲነፋው፣ ስሙ ልክ ነው አልነው።
በታንኳ ውድድር ዕለት፣ ሽምብጥ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣
ስልቻ አቅፎ መጣ፣ ዋሽንት ተሰክቶበት ከላይ፤
በክንዱ ሲጫነው ጮኸ፣ ግልገሏ እንደጠፋባት ፍየል፣
ቆዳዋ ሲለፋ ድምፅዋ ውስጡ የቀረ ይመስል።
ባለማሲንቆው ታገለ፣ ቅኝቱን ሊያገኝለት፤
ትከሻችን ግን ቀደመው፣ እስክስታ ወረደለት።

ቀዛፊዎች ሲመለሱ፣ ደንገሉ ውኃ ጠጥቶ፣
ግንድ ስጡኝ አለ ዱንካን፣ መዳፉን ባፈር አሽቶ።
«ይሄ ነው ያባቴ ጨዋታ፤
ተገልብጦ ይወድቃል፣ ፊት ለፊት፣ በቀጥታ።»
አቀፈው። ሮጠ። ለቀቀው።
ግንዱ ሰማይ ላይ ዞረ፣
ጭቃው ውስጥ ተተከለና
ቆሞ ቀረ።

እልል አልን። እሱ ግን አፈረ፤
«ዜሮ ነው» አለ፣ «መውደቅ ነበረበት።»
እንድሪስ፣ ከቀዛፊ ሁሉ ኋላ የደረሰው፣
ታንኳውን ጎትቶ መጥቶ ገመዱን ግንዱ ላይ አሰረው፤
«እኔም መጨረሻ ነኝ፤ የቆመን አትርገመው።»

ዛሬ ዱንካን የለም። ጣና ሞልቶ
ግንዱን እስከ ወገቡ ውጦታል።
ወደቡን «ድንኳን» እንለዋለን፤
እንግዳ «የት አለ?» ሲለን ድንኳኑ፣
ጣታችን ወደ ግንዱ ያመለክታል።