ጎባጣው አፎት

የሞላሌ ገበያ በተበተነ ማግሥት፣
ውርጭ የጓሳን ሣር ባነጣበት ጧት፣
እሜቴ ደብሪቱ ጉራዴ ይዘው መጡ፤
ከደጅ እንደቆሙ፣ በአቡጀዲ ጠቅልለው ሰጡ።
አልገቡም። ማን ይገባል ከቀጥቃጭ ቤት?
ቀን ሰው፣ ማታ ጅብ ሲሉን ከኖሩበት።

«የውርስ ነው» አሉኝ፤ «ልጆቼ ተናጥቀው
ከወገቡ ሰበሩት፤ እንደ ጥንቱ አድርገው።»

የቱ ጥንት፣ እሜቴ?
አፎቱን ዳሰስሁት፤ እንደ ማጭድ ጎብጧል፤
ስለቱ ግን ቀና ይላል፣ ሲገባ ይተናነቃል፤
ፊደሉ የባሕር ማዶ፣ ግማሹ በሞረድ ጠፍቷል፤
የአውራሪስ ቀንዱ እጀታ ሁለቱንም በዕድሜ ይበልጣል።
ቀንዱ ከቆላ መጥቶ፣ ብረቱ ከሰው አገር፣
ቆዳው የመንዝ ሙክት፣ በአንድ ወገብ ሊታሰር።
እንደ ጎጆ ነው ነገሩ፤ ክዳን ይፈርሳል፣ ግድግዳ፤
ስሙ ብቻ ይቀራል፣ የአባትና የዕዳ።

ባሌስትራ ነበረኝ፣ ከአንድ አይሱዙ የወለቀ፣
ጣርማበር ቁልቁለት ላይ ፍሬን በጥሶ ከወደቀ።
ልጄ ወናፍ ነፋልኝ፣ እኔ መዶሻ ጣልሁበት፤
አፎቱ ጎባጣ ነውና ስለቱን አጎበጥሁት፤
ዘይት ውስጥ ስነክረው እሽ አለ፣
እንደ ተቆጣ ሰው ቆይቶ ዝም አለ።

ከዚያ የድሮውን ጭራ ላወጣ ቀንዱን አሞቅሁት።
ሙጫው ላላ። ችንካሩ ወለቀ።
እጅ በማይነካው፣ ፀሐይ በማታውቀው ቦታ፣
ሦስት ጭረት፣ አንድ ነጥብ።

የአያቴ የእንግዳሸት ምልክት።
ማረሻም ቢሆን፣ መርፌም ቢሆን፣
ያለዚህ ከእጁ አይወጣም ነበር።

እንግዲህ የእሜቴ አያት፣ ከአያቴ ማዕድ ያልቆረሱ፣
ጥላው እንዳይነካቸው ከመንገድ የተመለሱ፣
ለሠርግም ለዘመቻም በቀኝ ጎናቸው ታጥቀው፣
ስሙን ይዘውት ኖረዋል፣ በጭብጣቸው ደብቀው።

ልነግራቸው አፌን ከፈትሁ።
ዘጋሁት።
በአዲሱ ጭራ ላይ መታሁ፦ ሦስት ጭረት፣ ሁለት ነጥብ፤
ሙጫ አፈሰስሁበት።

«ስብራቱስ?» አሉኝ። «ምን ይደረግ?»
«ገብሱ ደርሷል» አልሁ፣ «ማጭድ ይሆናል።»
ባሕር ማዶውን ፊደል እንደያዘ
አጥፌ ሰጠኋቸው።

ብሩን ከድንጋዩ ላይ አኖሩት፣ እጄ ላይ ሳይሆን።
ጉራዴውን ግን ተቀበሉ፣
እጀታውን ጨብጠው፣
ጥብቅ አድርገው።