የአንሻ በርሜሎች

ደሴ ላይ ሰፈሬ «ቧንቧ ውሃ» ይባላል፤
ቧንቧው ሐሙስ ሌሊት አንዴ አስነጥሶ ይተኛል።
እትዬ አንሻ ግን ሦስት በርሜል አላት፣
ጠብታ ካንዱ ወዳንዱ የማይሻገርባት።

አንዱ የጦሳ ምንጭ፣ በአህያ የመጣ፣
ለጉሮሮ ብቻ፣ እሱም በጣሳ ተለክቶ የሚወጣ።
ሁለተኛው የቧንቧ፣ ለወጥና ለውዱእ።
ሦስተኛው የክረምት፣ ከቆርቆሮ የወረደ፣
ዝገት ዝገት የሚል፣ ለልብስ የተፈረደ።

ምስር ያጠበችበት እግር ያስታጥባል፣
የእግሩ እጣቢ ወለል ይወለውላል፣
ጨርቁ ተጨምቆ ደጅ ላይ ይረጫል፤
አቧራው ጠጥቶት
ዝም ይላል።
«ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ» ብሎ የተረተው ሰው
አንሻን አያውቃትም፤ እሷ አራቴ ነው የምታሠራው።

አንድ ቀን ባጃጄን ላጥብ ብዬ
አንድ ጆግ፣ ከዝገታሙ፣ ብለምናት
«ታዲያ ቦርከና ምን ሠርቶ ይብላ?» አለችኝ።

ማክሰኞ ሞተች።
አጣቢዎቹ ሴቶች «ከየትኛው?» ቢሉ
ልጇ ዘሃራ የጦሳውን ከፈተች፣
ጣሳውን ወዲያ ጥላ።
እኔ ከመጋረጃው ውጪ፣ ከወንዶቹ ጋር፣
ሲንዠቀዠቅ ሰማሁ፣
ሳይለካ፣
ሳይቆጠር።
እጄን፣ ሳላዘው፣
ሳፋ ሲፈልግ አገኘሁት።