የአንሶላው ሌላ ጫፍ

አውሮፕላን ጣለኝ ማለዳ፣ ገና ሰማዩ ሳይነቃ፤
«ቀጣዩ ማታ ነው» አሉኝ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ጥበቃ።
ከጎኔ የነበረው ሰው፣ ጫማውን አውልቆ ተኛ፤
አንዷ ግድግዳ ላይ ስልኳን ሰክታ፣ ተቀመጠች እንደ እስረኛ።
እኔ ቦርሳዬን አንግቼ፣ ማኅተም አስመትቼ ወጣሁ፤
ቀን የሚያህል ነገር አግኝቼ፣ ወንበር ላይ እንዴት እጥላለሁ?

ሊዝበን።
ባቡሩ እንደ ፍልፈል ሆኖ፣ ከመሬት በታች ቆፍሮ፣
ወንዙ ዳር አውጥቶ ተፋኝ፣ ከሥራ ሄያጅ ጋር ደምሮ።
ዝርዝር ነበረኝ በኪሴ፣ ጓደኛዬ የጻፈልኝ፤
ግንቡን፣ ገዳሙን፣ ትራሙን፣ «ሳታይ እንዳትመጣ» ያለኝ።
ትራሙን የሚጠብቀው ሰልፍ፣ ዞሮ አደባባይ ደረሰ፤
ግንቡም ጥገና ገብቶበት፣ ሸራ እስከ አንገቱ ለበሰ።
ዝርዝሩን እዚያው ተውሁት፤
ዳገቱን ያለ ካርታ ያዝሁት።

ሰፈሩ አልፋማ ይባላል፤ መንገዱ ትከሻ ያህላል፤
ካልሲ፣ ሱሪና ፎጣ፣ ከራስ በላይ ይንጠለጠላል።
አንዲት አሮጊት ከደጇ፣ ሰፊ አንሶላ ዘርግታ፣
አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ በነፋሱ ተረትታ፣
ስታየኝ አላመነታችም፤ ሰላምታም አልቀደመው፤
ጫፉን እጄ ላይ አኖረች። «ያዝ እንጂ!» ማለቷ ነው።

ያዝሁ።
ወደኋላ ሄደን ወጠርን፣ ወደፊት መጥተን አጠፍን፤
ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ ጊዜ፣ በጣት በጣት ተላለፍን።
እጥፋቴ ጠማማ ኖሮ፣ ራሷን ነቅንቃ ፈታች፤
«እንደገና» አለች በእጇ፤ ከመጀመሪያው አስጀመረች።

ሰባተኛውን ስናጥፍ፣ መጣ የልጅ ልጇ ዲኒስ፤
የሞተር ቆቡን አውልቆ፣ ቃሏን ወደኔ ሲመልስ፦
«ፎቁ ሁሉ ተከራይቷል፣ ሦስት ሌሊት ለሚያድር እንግዳ፤
ከድሮው ጎረቤት የቀረች፣ አያቴ ናት፣ ኤርሜሊንዳ።
ሌላውን ጫፍ የምትይዘው፣ ግራሲዬት ነበረች፣ ባልንጀራዋ፤
ኪራይ ጨምሮባት ሄደች፤ ከወንዙ ማዶ ነው አሁን ጎራዋ።
አርባ ዓመት አብረው አጥፈው፣ ዛሬ በስልክ ይጣላሉ፤
‹ጨው አበዛሽ፣ ጨው አሳነስሽ›፣ በየእሑዱ ይባባላሉ።»

«ስንት ሰዓት አለህ?» አለኝ። ሰባት ጣቴን ዘረጋሁ።
አሮጊቷ ገብታ ወጣች፤
በፎጣ የተቋጠረ ድስት፣ ሳላስበው ታቀፍሁ።

ጀልባው ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ወደ ድስቱ አፍንጫውን ነፋ፤
«ባካልያው!» አለ ደስ ብሎት፣ የዓሣው ሽታ ሲሰፋ።
ዞር ስል ከተማው በሙሉ፣ ግንቡም ገዳሙም ታየኝ፤
የተውሁት ዝርዝር ሁሉ፣ ባንድ ጊዜ ተሰልፎ አየኝ።

ግራሲዬት ወደቡ ላይ፣ በዱላዋ ቆማ ጠበቀች፤
ክዳኑን ከፍታ ቀመሰች፤ ስለ ጨው ነው መሰለኝ ተቆጣች፤
ከዚያ ግን ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ ዓይኗን በመሐረብ ጠረገች።
ያለፈውን ድስት መለሰች። ባዶ ዕቃ ነውር ነው መሰል፣
ሦስት ሎሚ ጨመረችበት፣ ከነቅርንጫፉ፣ ከነቅጠል።

ስመለስ ኤርሜሊንዳ፣ ሎሚውን ቆጠረች በጣቷ፤
አንዱን ኪሴ ውስጥ ከተተች፤ ድርሻ መሆኑ ነው በቤቷ።

ማታ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ያቺ ልጅ እዚያው ግድግዳው ሥር ናት፤
ስልኳ መቶ በመቶ ሞልቶ፣ ገመዱ ገና አልለቀቃት።
ፈታሿ ሠራተኛ፣ ቦርሳዬን በአንድ እጇ ይዛ፣
«ከሰው የተቀበልኸው ዕቃ፣ አደራ አለ?» አለችኝ ፈዛ።
«ነበረ» ልላት ቃጣኝ፤ «ነበረ፣ አድርሻለሁ»።
ምን ይገባታል ብዬ ተውሁት፤ «የለም» አልሁና አለፍሁ።

ሎሚው ቀድሞኝ በማሽኑ፣
ከነቅጠሉ ወጣ።