«ሌላ» የሚለው ሳጥን

ቅዳሜ ማለዳ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ከመናኸሪያው በር፣
ባጅ አንጠልጥዬ፣ መቶ ቅጽ ይዤ፣ ሰው እመዘግብ ነበር።
ሳሙና ፋብሪካ ነው የላከኝ፣ ጥያቄ አሲዞ፦
ቡሬ ማን ይሄዳል? ምን ያያል? ምን ይገዛል ብሩን ይዞ?

ወንበሩ ዐሥራ አንድ፣ ሰዉ ዐሥራ ስምንት፤ ስሌቴ ተናጋ፤
የበርበሬ ጆንያ የሰው ቦታ ይዞ ተቀምጧል ከኔ ጋ።
ዕድሜ ስጠይቅ፣ «ጻፈው እንዳሻህ» ይላሉ አቶ ልየው፤
ገቢ ስጠይቅ ሳቁ፤ «በርበሬው ይሸጥና እንየው!»

ከኋላ ወንበር አንዲት እናት፣ ወይዘሮ ጠጅቱ፣
ዘንቢል የለ፣ ጆንያ የለ፤ ባዶ እጆቻቸው ሁለቱ።
«ለሥራ ነው ጉዞዎ?» «አይ።» «ለገበያ?» «አይደለም።»
«ለሕክምና? ለለቅሶ?» «ኧረ ደኅና ነኝ፤ የሞተም የለም።

በሩ ላይ የቆመው ረዳት፣ ያ ቀጭኑ፣ ልጄ ነው፤
ማታ አምሽቶ፣ ሌሊት ይወጣል፤ እዚህ ነው የማገኘው።
ሄጄ እመለሳለሁ። ሂሳብ አይቀበለኝም፤
ጎንበስ ብሎ ‹ቡሬ! ቡሬ!› ሲል ሌላ አይታየኝም።»

«ሌላ» ከሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግሁ።
«ዓይናቸው የሚያርፈው?» ይላል ቀጥሎ፤
«በሩ ላይ» ብዬ ጻፍሁ።

ወር ሳይሞላ፣ በበሩ ከውስጥ፣ ሥዕሉ ተለጠፈ፤
አረፋ፣ ነጭ ፎጣ፣ የምትስቅ ሴት፣
ልጁም እንደ ወትሮው ጀርባውን እላይዋ አስደገፈ።

በሌላ ቅዳሜ ጠየቅኋቸው፣ «ና ተቀመጥ» ቢሉኝ፦
«ሳሙናውን አዩት?»
«የቱን ሳሙና?» አሉኝ።